የፈይሳ አሥራ አራት ርምጃ

ከባሌ ከፈይሳ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ ከደጃችን ድንጋይ መካከል ሣር መንቀል ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር ድንጋዩ አልደረቀም። እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በአሮጌ ቢላዋ የሣሩን ሥር ይፈለቅቃል፤ እኔ ከኋላው እየለቀምኩ ጆንያ ውስጥ እከታለሁ። አንድ ርምጃ በጨረሰ ቁጥር ብድግ ይልና በርጩማውን በእግሩ ገፋ አድርጎ እንደገና ይቀመጣል። አላፊ አግዳሚው ሰላም ሲለን ቢላዋውን ከፍ አድርጎ "ነጋ፣ ነጋ" ይላል፤ ደህና ነን ማለቱ ነው። አሥራ አንደኛው ርምጃ ላይ ስንደርስ ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

"ሦስቱ ለሰኞ ይቆዩ፣ ሃዳ ላሊሴ" አለኝ።

ሃዳ ላሊሴ እኔ ነኝ፤ የላሊሴ እናት ማለት ነው። እሱ ደግሞ አባ ላሊሴ ነበር። ሰኞ ትኩሳት ያዘው፣ ሐሙስ ቀበርነው። ሦስቱ ርምጃ ሣሩን እንደያዘ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሆኗል። ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው፤ አንዳንድ ቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን አንድ መስመር። መጻፍ አቅቶኝ አይደለም። ለቀበሌያችን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ፤ በመሠረተ ትምህርትም ስንት ሴቶችን ፊደል አስቆጥሬያለሁ። ነገር ግን በዚህችው እጄ ስለ ባሌ አንድ ጊዜ ውሸት ጽፌያለሁ። ሰፈሩ እሱን እስኪቀበር ድረስ የሚያውቀው በዚያ ውሸት ነው። የዛሬውን ስጽፍ እጄ የሚከብደኝ ስለዚህ ነው።

ፈይሳ የመንገድ ሥራ ካቦ ነበር። አፈር ጠራጊውንም ድንጋይ ጠራቢውንም እሱ ነው የሚያዝዘው። ረጅም ስለሆነ በየሄደበት በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ሲራመድ ይቆጥራል። ሰርግ ቤት ገብቶ እንኳ ዳሱን በርምጃ ለክቶ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን እያወሩ ሲሄዱ ካየ አፉ ውስጥ "ለእነዚህ አንድ ሜትር ከሃያ ይበቃቸዋል" ይላል። መጀመሪያ እንደተጋባን ሌላ ሴት እያየ መስሎኝ ተቆጥቼው ነበር። ሲገባኝ ደግሞ የባሰ አፈርኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው ሴት እያየ ሜትር የሚያስብ?

ድንጋይ ሲያነጥፍ ጫማውን ያወልቃል። አንዱን ድንጋይ ካስቀመጠ በኋላ በባዶ እግሩ ይቆምበትና ዓይኑን ጨፍኖ ተረከዙን ነቅነቅ ያደርጋል። ድንጋዩ ከተነቃነቀ "ይሄኛው ይዋሻል" ይልና ነቅሎ እንደገና ያስቀምጠዋል። ሠራተኞቹ ከኋላው ሆነው "ይዋሻል፣ ይዋሻል" እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ድንጋዩን ግን ይነቅለዋል።

መንገዳችን ከላይኛው ገበያ ወደ ታች ቁልቁል ይወርዳል። ድሮ ሰውና አህያ ብቻ ነበር የሚሄድበት። ከእኛ ሰፈር በታች አዲስ የቡና መጋዘን ከተሠራ በኋላ ግን ከጊምቢ በኩል የሚመጡ የጭነት መኪናዎች ከነተሳቢያቸው ይምዘገዘጉበት ጀመር። የሁላችንም አጥር እስከ ቦዩ ድረስ ወጥቶ ስለነበር እግረኛው ሌላ መሄጃ የለውም፤ መሐል መንገድ ላይ ነው የሚሄደው። የእኛ ቤት ደግሞ ልክ መታጠፊያው ላይ ነው፤ በውስጠኛው በኩል።

አሮጌው መጋዘን የቀበሌ አዳራሽ ሆኖ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ግድግዳው እስከ አሁን ቡና ቡና ይሸታል። አንድ እሑድ፣ ስብሰባው "ልዩ ልዩ" ላይ ሲደርስ፣ ፈይሳ እጁን አወጣ። እኔ ከሊቀመንበሩ ከጓድ ድንቃ አጠገብ ተቀምጬ እጽፋለሁ።

"ጓዶች፣ እኔ የማውቀው መንገድ ብቻ ነው፤ ስለ መንገድ ልናገር" አለ ፈይሳ። "ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን ሰው ያያል። ተሳቢው ግን ዓይን የለውም። መታጠፊያ ላይ ፊተኛው መኪና በመሐል ሲያልፍ የተሳቢው የኋላ ጎማ ወደ ውስጥ ቆርጦ ነው የሚገባው። እዚያ ጋ የቆመ ሰው መኪናው አለፈልኝ ሲል ተሳቢው ይደርስበታል። ስለዚህ እያንዳንዳችን አጥራችንን ሁለት ሁለት ርምጃ ወደ ውስጥ እንሳብና ለእግረኛ ድንጋይ እናንጥፍ። ከመታጠፊያው በላይ ደግሞ መኪናው ፍጥነቱን እንዲቀንስ መንገዱ ላይ ጉብታ እንሥራ።"

"ሁለት ርምጃ በማን እግር?" አለ ሱቅ ያለው ጋሽ ሸምሱ። የጉራጌ አገር ሰው ነው፤ በሰፈሩ የእሱን ያህል በረንዳው ወደ መንገድ የወጣ የለም። "በአንተ እግር ከሆነ ሁለት ርምጃው ጓዳዬ ይደርሳል!"

አዳራሹ ሳቀ። ፈይሳም ሳቀ። "በአንተ እግር ይሁን፣ ሸምሱ" አለው።

"በእኔ እግርም ቢሆን የጨው ጆንያዬን የት ላስቀምጠው? ራሴ ላይ?"

አንድ ሹፌር ከኋላ ተነሳ። "ጉብታ ብትሠሩ የመኪና ባሌስትራ ትሰብራላችሁ። ከዚያ ካቦው ይጠግናል?"

"ልጆቻችን በቦይ ውስጥ ይሂዱ በላ!" አለች ቅቤ ሻጯ አዴ ቦንቱ። ከእኛ ሁለት ቤት ዝቅ ብላ ነው የምትኖረው። የማለዳ ክፍሌ ተማሪ ናት፤ ስሟን መጻፍ በዚያ ሰሞን ነበር የጀመረችው። "ማሎ፣ እባካችሁ፣ እኔ ቅቤ ተሸክሜ ስሄድ ከኋላዬ ጡሩምባ ሲነፋ ነፍሴ ነው የምትወጣው። ፈይሳ ያለው ይሁን።"

ጓድ ድንቃ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ጓዶች" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በዚህ መንገድ የሚያልፈው ቡና ብቻ አይደለም። ለግንባር የሚሄድ ስንቅም ያልፋል። ስንቅ የጫነ መኪና ይዘግይ ብሎ ሐሳብ ማቅረብ ምን እንደሚባል ሁላችሁም ታውቃላችሁ።"

ሳቁ ሁሉ ቀጥ አለ። እኔ የምጽፍበትን ወረቀት አየሁ። ይህን ልጻፍ ወይስ ልተወው?

ፈይሳ አልተቀመጠም። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ስንቅ የጫነውም ሰው ከመኪናው ሲወርድ በእግሩ ነው ወደ እናቱ ቤት የሚሄደው" አለ።

ድምፅ ተሰጠ። ለፈይሳ ሐሳብ የወጣውን እጅ የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። አሥራ አንድ እጅ ቆጠርኩ። የእኔ እጅ አልነበረበትም። ሐሳቡ ወደቀ።

ወደ ቤት ስንመለስ "ጸሐፊ እጅ አታወጣም እንዴ?" አለኝ። ሲቀልድ "ጸሐፊ" ነበር የሚለኝ።

"እየቆጠርኩ ነበር።"

"እሺ። በቀኝሽ ነው የምትቆጥሪው። ግራ እጅሽ ባዶ ነበር" አለ። ተቆጥቶ አልነበረም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስቶብኝ አያውቅም።

በማግስቱ ሲባጎውንና ችካሉን አውጥቶ የራሳችንን አጥር ብቻ ሁለት ርምጃ ወደ ውስጥ ሳበው። የጌሾ ተክሌ ተነቀለ። የጎመን መደቤ ግማሹ ሄደ። ከወንዝ ድንጋይ አስመጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ በየአንዳንዱ ላይ እየቆመ አነጠፈው። ከአንደኛው ማዕዘን እስከ ሌላው አሥራ አራት ርምጃ ነው። ያለቀ ዕለት ከዳር እስከ ዳር ተራመደበትና "ጋሪ ነው" አለ፣ በግማሽ ኦሮምኛ፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ደስ ሲለው እንዲህ ነው።

ሰፈሩ ግን ሳቀብን። የአንድ ቤት የእግረኛ መንገድ! ሰው ከመሐል መንገድ ይመጣል፣ የእኛ ደጅ ሲደርስ ድንጋዩ ላይ ይወጣል፣ አሥራ አራት ርምጃ እንደ ባለሥልጣን ይንጎራደድና እንደገና ጭቃ ውስጥ ይወርዳል። ጋሽ ሸምሱ ስኳር ልገዛ በሄድኩ ቁጥር "ሃዳ ላሊሴ፣ ባልሽ ግቢሽን ለመንገድ ዳረው አሉ፤ ሰርጉ መቼ ነው?" ይለኛል። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። እኔም እየሳቅሁ እመለስና ቤት ስገባ ፊቴ ይቃጠላል። በባሌ አፍር ነበር። ይህን መጻፍ ነበረብኝ፤ ጻፍኩት።

እኔ ሳፍር ሌላው ሰው መልመዱን ግን አላየሁም። መታጠፊያው ላይ የመኪና ድምፅ የሰማ ሁሉ ወደ እኛ ድንጋይ መሮጥ ጀምሮ ነበር። ሽማግሌው፣ ተማሪው፣ እንጨት የተሸከመችው፣ የሳቁብን ሴቶች ራሳቸው፣ ሁሉም ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ተሳቢው እስኪያልፍ ይቆማል። "ወደ ፈይሳ! ወደ ፈይሳ ውጡ!" ይባባላሉ። ቦታው ስም አወጣ።

በክረምቱ መግቢያ ፈይሳ ለሥራ ወደ ኡኬ ተላከ። ጎርፍ የበላው መንገድ ነበረ፤ ቢያንስ ሦስት ወር ይቆያል ተባለ። እሱ በሄደ በሁለተኛው ሳምንት ቀበሌ ውስጥ አንድ ወሬ ሰማሁ። የከተማ ቦታ እንደገና ሊለካ ነው፤ ከአጥር ውጭ የተገኘ መሬት ሁሉ ለመንግሥት ይመዘገባል። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሊለካ የመጣ ሰውም አልነበረም። እኔ ግን ቸኮልኩ። ሁለት የቀን ሠራተኞች ጠርቼ አጥሩን ወደ ድሮ ቦታው አስመለስኩት። ችካሉ በድንጋዩ ጠርዝ ተተከለ፤ ድንጋዩ ከአጥሩ ውስጥ ገባ። በላዩ ላይ አፈር አልብሼ ጎመን ተከልኩበት።

ለራሴ "ለላሊሴ ቦታ ነው፣ ለልጄ ነው" አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ከቦታው ይልቅ የጋሽ ሸምሱ ቀልድ ነው የገፋፋኝ። አጥሩ ሲመለስ ሳየው እፎይ ነበር ያልኩት። እንደ ሰው ቤት መሰልን ብዬ።

አዴ ቦንቱ በዚያን ጊዜ ሰፈር ውስጥ አልነበረችም። ልጇ ኑኑ ቁምባ በሚባል አገር ወልዳ ልታርሳት ሄዳ ሁለት ወር ቆይታለች። አንድ ማታ ተመለሰች፤ በማግስቱ ጠዋት ቅቤዋን በጀርባዋ አዝላ ወደ ገበያ ወጣች። ጉም ነበር፤ በነቀምቴ ክረምት አሥር ርምጃ ወዲያ ያለ ሰው የማይታይበት ጉም። እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ የመኪናውን ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ የሚሮጥ እግር። ቀጥሎ አጥሩ በመዳፍ ሲደበደብ ሰማሁ። "ፈይሳ! ፈይሳ!" አለች።

ፊተኛው መኪና አለፋት። ተሳቢው ነው ያገኛት፣ ልክ እሱ ስብሰባ ላይ እንዳለው።

ነፍሷ ተረፈች። ግራ እግሯ ግን ከጉልበቷ በታች ሆስፒታል ውስጥ ተቆረጠ።

ፈይሳ ወሬው ደርሶት ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። ቤት አልገባም። አጥሩ ፊት ለፊት ቆመና በመዳፉ አዲሱን እንጨት ዳሰሰው። ከአንደኛው ማዕዘን እስከ ሌላው እየቆጠረ ሄደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

"ችካሉን ማን ተከለው?" አለኝ።

"የቀን ሠራተኞች።"

"በደንብ አልተከሉትም" አለ። በመጣበት ጭቃ እንዳለ ወደ ሆስፒታል ሄደ።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ እንደዚያን ቀን ሞልቶ አላየሁትም። ጓድ ድንቃ "ጓድ ፈይሳ፣ ይህ አጥር ሕዝብ እያየው ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። እንዴት ተመልሶ ወጣ?" ብሎ ጠየቀ።

እስክሪብቶ ይዣለሁ። አሁን እነሳለሁ አልኩ፤ በእውነት ልነሳ ነበር። እሱ ቀደመኝ።

"እኔ ነኝ" አለ። "ቦታ ይለካል ሲባል ሰማሁና ፈራሁ። ከኡኬ ለሚስቴ ልኬባት ነው አጥሩን ያስመለስኩት።"

ማንም አልተጠራጠረም። ሠራተኞቹን ያመጣሁት እኔ እንደሆንኩ መንደሩ በሙሉ አይቷል፤ ነገር ግን አጥር የወንድ ጉዳይ ነው። ሚስት ባሏ ሳይልክባት አጥር ታስነቅላለች ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም። እሱ ይህን ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።

"አንተ ሰው!" ብሎ ጮኸ ጋሽ ሸምሱ። ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት ነበር። "ሲጀመር ባታስለምደን ይሻል ነበር! አስለምደህ ነው የነጠቅኸን!"

"ልክ ነህ" አለው ፈይሳ።

"ጻፊ፣ ጓድ" አለኝ ጓድ ድንቃ።

ጻፍኩ። "ጓድ ፈይሳ አጥሩን መልሰው ያወጡት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ለጉባኤው አምነዋል።" ጽሕፈቴ ጥሩ ነው፤ አንድም ፊደል አልተበላሸም።

ከዚያ አንዲት ሴት ተነስታ፣ የአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ እግራችንን ጥለን ከምንሄድ ሁላችንም አጥራችንን እንሳብ፣ ያን ጊዜ ማንም ብቻውን ሊመልሰው አይችልም አለች። ጋሽ ሸምሱ "በረንዳዬን ነገ አፈርሳለሁ" አለ። ድምፅ ሲሰጥ እጅ እንደ ጫካ ቆመ። ቆጠርኩ። ግራ እጄ ያን ቀንም ባዶ ነበር።

ጉብታውን ጓድ ድንቃ አልፈቀደም። የእግረኛው መንገድ ግን፣ ከጎመኔ ሥር የወጣው የእኛ ድንጋይ ጭምር፣ በየእሑዱ በሚደረግ ዘመቻ ከላይ እስከ ታች ተሠራ። ያሠራው ፈይሳ ነው። በባዶ እግሩ እየቆመ "ይሄኛው ይዋሻል" ይላል፣ እነሱም ይነቅላሉ። አሁን ግን የሚስቅ አልነበረም። ያዘዛቸውን ይሠራሉ፤ ምሳ ሲቀርብ ግን ፈቀቅ ብለው ይቀመጣሉ። የእድሩ ዳኛ ነበር፤ ዳኝነቱን ተነጠቀ። ከኋላው "አጥር መላሹ" ይሉታል። እኔ ዳቦ ይዤ ስሄድ ለብቻው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘው ነበር።

ከስብሰባው የተመለስን ዕለት ቤት ገብተን "ለምን?" አልኩት። ጫማውን እየፈታ ነበር።

"አንቺ ነገ ጠዋት ሴቶቹን ታስተምሪያለሽ" አለ። "ይህን ካወቁ ማን ከአንቺ ይማራል? እኔ የምውለው ከድንጋይ ጋር ነው። ድንጋይ አያማኝም።"

"እነግራቸዋለሁ፣ አባ ላሊሴ። ነገ እነግራቸዋለሁ።"

ጫማውን በሩ ሥር አስቀመጠ። "እነግራለሁ ካልሽ ንገሪያቸው። አልከለክልሽም" አለኝ።

ስምንት ዓመት አልነገርኩም። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም። እየረሳ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው እየጠበቀኝ ነበር።

አዴ ቦንቱ ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ፈይሳ በየቅዳሜው ከቦኖው ሁለት ጀሪካን ውሃ ያደርስላት ነበር። ደጃፏ ላይ ቆሞ "አካም ቡልቴ፣ አዴ ቦንቱ?" ይላል፤ እንዴት አደርሽ እንደማለት። እሷ ፊቷን ሳታዞር "እዚያ አስቀምጠው" ትላለች። አስቀምጦ ይመለሳል። ስምንት ዓመት ሙሉ "ግባ" አላለችውም።

እኔን ግን ትወደኝ ነበር። መራመድ እንደቻለች በምርኩዝ ወደ ክፍል መጣች። ያቋረጠችውን ፊደል ጨረሰች። አንድ ቀን ደብተሯን ዘግታ ትከሻዬን ሳመችና "ባልሽ ጨካኝ ነው፣ ሃዳ ላሊሴ፤ አንቺ ግን ደግ ነሽ። ከእሱ ጋር እንዴት ትኖሪያለሽ?" አለችኝ። ሌሎቹ ሴቶች ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠመኔውን አነሳሁና ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚቀጥለውን ቃል ጻፍኩ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ስለነበር ፊቴን አላዩትም።

ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው መጣ። ከመዝሙሩ በኋላ የእድሩ ዳኛ ተነስቶ "ሰው ነውና ጓድ ፈይሳም ተሳስቷል፤ ስህተቱን ግን በሥራው ክሷል" አለ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። በደግነት ነው የተናገሩት፤ ይቅር ማለታቸው ነበር። ያልሠራውን ይቅር ሲሉት ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ላሊሴ አጠገቤ ታለቅሳለች። እሷም የምታውቀው እነሱ የሚሉትን ነው።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት በመጀመሪያ ለላሊሴ ነገርኳት። አንድ ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። በማግስቱ "ለአዴ ቦንቱ ነግረሻታል?" አለችኝ። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።

አዴ ቦንቱ ቅቤ በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች ነበር።

"ተቀመጪ ማሎ" አለችኝ። "ሐዘንተኛ ቆሞ ይናገራል እንዴ?"

ቆሜ ነገርኳት። የቀን ሠራተኞቹን፣ ጎመኑን፣ የሸምሱን ቀልድ፣ ሁሉንም። እጇ መጠቅለሉን አላቆመም። ስጨርስ ቅቤውን አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ስምንት ዓመት ውሃ አመጣልኝ" አለች። "በክረምትም በበጋም። አንድ ቀን 'አረፍ በል' አላልኩትም። ቆሞ ነው የሄደው።"

"ይቅር በይኝ፣ አዴ ቦንቱ።"

"እግሬን የወሰደው መኪና ነው። እሱን ለምጄዋለሁ። ያንን ሰውዬ ማመስገን ነበረብኝ፤ ያንን የወሰድሽብኝ ግን አንቺ ነሽ።" ቀና ብላ አየችኝ። "አሁን ለእኔ ብቻ ነግረሽ ልትሄጂ ነው? እሱን የሰደበው እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?"

ቅቤውን መልሳ አነሳች።

"ሂጂ አሁን" አለችኝ።

ከእሷ ቤት ወጥቼ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ያ ቃለ ጉባኤ ይታረም አልኩ። ጓድ ድንቃ መነጽሩን አወለቀ። "መዝገቡ ተዘግቷል። ሰውየውም አርፏል። ለምን ትነካኪዋለሽ?" አለኝ። ከዚያ ወደ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ለሰው ስኳር እየመዘነ ነበር። ስነግረው ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። "እኔ እኮ እየቀለድኩ ነበር፣ ሃዳ ላሊሴ" አለኝ። በዚያች ቅጽበት በጣም ያረጀ መሰለኝ።

"አውቃለሁ፣ ጋሽ ሸምሱ። አንተ ቀለድህ። አጥሩን ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ።"

አሁን በየቅዳሜው ጠዋት ሁለት ጀሪካን ውሃ ለአዴ ቦንቱ አደርሳለሁ፤ "እዚያ አስቀምጪው" ትለኛለች፣ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ከዚያ በርጩማውንና ቢላዋውን ይዤ እወጣና ከድንጋዩ መካከል ሣር እነቅላለሁ፤ አሥራ አራቱንም ርምጃ። ሰላም ሊለኝ ለሚቆም ሁሉ አጥሩን ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ፈይሳ እንዳልሆነ እነግረዋለሁ።